ትንሿ እናት

በወንድሜ መቅናት የጀመርኩት በዓሣ ነው።

ወንድ አያታችን ለብቻቸው የሚበሉባት ትንሽ ገበታ ነበረቻቸው፤ እግሮቿ የተቀረጹ፣ ከዘመን ብዛት የጠቆረች። ሌላው የቤቱ ሰው ወለሉ ላይ ተደርድሮ ሲበላ እሳቸው ከፍ ባለው ክፍል፣ ፊታቸውን ወደ ግቢው በር አዙረው፣ ከዚያች ገበታ ይበላሉ። ገበታዋ ላይ ሁልጊዜ ዓሣ አለ። በጨው ታሽቶ የተጠበሰ፣ ቆዳው የነሐስ ቀለም ያወጣ፣ ሆዱ አካባቢ ስቡ የሚያብለጨልጭ ዓሣ። ሽታው አጥሩን ተሻግሮ እኛ ቤት ይደርሳል። የእኛን ቤትና ትልቁን ቤት የሚለየው አንድ የድንጋይ አጥር ብቻ ነበር፤ ለእኔ ግን ያ አጥር ተራራ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ዱሶፕ ከአጥሩ ወዲያ፣ ከአያቴ ፊት ለፊት፣ ከዚያች ገበታ ይበላል። እኔ ከወዲህ፣ ከእናቴ ጎን፣ ሩዝና ኪምቺ፣ በበርበሬ ተዘፍዝፎ የኮመጠጠ ጎመን፣ ይዤ አሸታለሁ።

ዱሶፕ ወደ ትልቁ ቤት የሄደው በስምንት ዓመቱ ነው። እኔ አምስት ዓመቴ ነበር። አጎታችን፣ የአባታችን ታላቅ ወንድም፣ የቤቱ በኩር ነበሩ፤ ልጅ ግን አልወለዱም። የበኩር ቤት ደግሞ ያለ ወንድ ልጅ አይቀርም። ለሞቱት አያቶች ማዕድ የሚያቀርብ፣ ጽዋ የሚቀዳ፣ ከሁሉ ፊት ቆሞ የሚሰግድ አንድ ወንድ ያስፈልጋል፤ ከጠፋ ከታናሽ ወንድም ቤት ይወሰዳል። አሁን ይህን እንዲህ በቀላሉ እጽፈዋለሁ። ያኔ የሰማሁት ግን ወጥ ቤቱ በር ሥር ቁጭ ብዬ፣ የጎረቤት ሴቶች ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ሲያወሩ ነው።

«ታናሹን፣ ኢንሶፕን መስጠት ነበረባቸው» አለች አንደኛዋ።

«ለበኩር ቤት የሚሰጠውማ ጥሩው ነው። ትልቁ ረጋ ያለ ልጅ ነው። ታናሹን አይተሽው የለ፣ ደመና ሲያይ ነው የሚውለው።»

«እኔ ብሆን አልሰጥም ነበር። አንገቴን ይቁረጡኝ።»

«አንቺ? ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ልጁንም አንገትሽንም ጠቅልለሽ ትሰጫለሽ።»

ተሳሳቁ። እኔ ከዚያ ሁሉ ወሬ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥሩውን ወሰዱ። ፖም ስንለቅም ነጋዴው የሚያደርገውን አውቃለሁ። ደህናው በሣጥን ተደርድሮ ይሄዳል፤ ወፍ የነካካው ለቤት ይቀራል። እንግዲህ እኔ ለቤት የቀረሁት ነኝ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ለዱሶፕ የደረሰውን ሁሉ በዓይኔ ለቀምኩት። የራሱ ክፍል፣ መስኮቱ ሥር የጽሕፈት ጠረጴዛ፣ አንገቷ የሚታጠፍ መብራት። ከከተማ የመጣ፣ ቆዳው ገና የሚሸት የትምህርት ቤት ቦርሳ። በማዕዱ ቀን ነጭ ካባ ለብሶ ከአጎቴ ቀጥሎ ይቆማል፤ አባታችን ከእሱ ኋላ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቀድሞ ይሰግዳል፣ አባቴ ተከትሎት ግንባሩን ወለል ያስነካል። እኔ በዚያ ሰዓት ከሴቶቹ ጋር በበሩ ስንጥቅ ነው የማየው። እግዜር ቢሆንም ከዚህ የበለጠ ምን ይኖረዋል እል ነበር።

ዓሣውን በተመለከተ እውነቱን የነገረችኝ ትልቋ እናት፣ የአጎቴ ሚስት ናት፤ እርጅና ከግቢዋ አላስወጣ ካላት በኋላ ከሰዓት ከሰዓት እየሄድኩ ባቄላ እፈለፍልላት ነበር። አያታችን እንደ ወፍ ነበር የሚበሉት። እሳቸው ማንኪያ ሳያነሱ ልጁ አያነሳም፤ እሳቸው ሲያስቀምጡ ልጁም ያስቀምጣል። ገበታዋ ደግሞ ከእሳቸው በኋላ ለሴቶቹ ስለምትወርድ ዓሣው መነካት እንጂ መበላት የለበትም። «በቾፕስቲኩ ጫፍ ነካ አድርጎ ይተወዋል» አለችኝ። «ጨዋ ልጅ ነበር። ሆዱ ሲጮህ ግን እኔ ከበሩ ወዲህ ሆኜ እሰማው ነበር።»

እኔ ታዲያ በዚያው ሰዓት፣ ከአጥሩ ወዲህ፣ የኪምቺ ጭማቂ በሩዝ ለውሼ፣ እናቴ ስትጨምርልኝ እንቢ እያልኩ ጠግቤ እቀና ነበር።

*

እሱ በሄደ በጥቂት ቀን ውስጥ አንድ ጠዋት በበራችን ገባ። አዲስ ጫማ አድርጓል። ሮጬ ልይዘው ስል ዝም ብሎ አለፈኝና ግቢው መሐል ቆመ፤ ሁለት እጁን ሆዱ ላይ አነባብሮ። እናቴ የድልህ ጋኖቹ መሐል አጎንብሳ ክዳን እየወለወለች ነበር።

«ትንሿ እናቴ፣ ደህና አደሩ?» አላት።

የአባት ታናሽ ወንድም ሚስት የምትጠራው እንዲህ ነው። ከሳምንት በፊት እማዬ የሚላት፣ ቀሚሷን ይዞ «ነይ እንጂ አንቺ» እያለ የሚጎትታት ልጅ ነው። እናቴ ክዳኑን እንደያዘች ቀና አለች።

«ደህና አደርን» አለችው። «ትልቁ ቤት ደህና ናቸው?»

«እግዜር ይመስገን ደህና ናቸው። አባቴ መጥረቢያውን ይላኩልኝ ብለዋል።»

አባቴ ያለው አጎታችንን ነው። እናቴ መጥረቢያውን አመጣች፤ ስለቱን በጨርቅ ጠቀለለችና ለእንግዳ እንደሚሰጥ በሁለት እጇ ሰጠችው። ጎንበስ ብሎ ተቀበላት። ወደ ኋላም ሳያይ ወጣ።

«ኮርቷል» አልኳት።

«ማን ነው የኮራው?»

«ዱሶፕ። ጫማ ስለተገዛለት እማዬ ማለት አሳፍሮታል።»

መታችኝ። ማጅራቴን፣ በእርጥብ እጇ። ከዚያ በፊት ነክታኝ አታውቅም፤ እናም ለእሱ ስትል እንደመታችኝ ገባኝ፤ ይህን ደግሞ ከዓሣውም ከቦርሳውም በላይ አድርጌ ያዝኩበት። እሷ ወደ ጋኖቹ ተመለሰችና የትልቁን ክዳን አንሥታ ጭንቅላቷን እስክትከት ድረስ አጎነበሰች። ድልሁ መድረስ አለመድረሱን እያሸተተች መሰለኝ።

አሁን ድልህ የማየው እኔ ነኝ። ለማሽተት ያን ያህል አያስጎነብስም።

ስለዚያ ጠዋትም ቢሆን ኋላ ነው የሰማሁት። አያታችን ዱሶፕን በረንዳው ላይ አቁመው፣ «ትንሿ እናቴ፣ ደህና አደሩ» የሚለውን ሲያስጠኑት ነው ያረፈዱት። እማዬ ባለ ቁጥር የፒፓቸውን ጫፍ ወለሉ ላይ ቋ ያደርጋሉ፤ እንደገና ይጀምራል። መጥረቢያውን ማንም አልፈለገውም ነበር። ልጁ ደጅ ወጥቶ እንዲፈተን ብቻ ነው የተላከው። «ሲመለስ ምን አለ መሰለህ?» አለችኝ ትልቋ እናት፣ ባቄላውን ሳታቋርጥ። «ተሳካልኝ አለኝ። ከዚያ ምሳ አልበላም።»

ትንሽ ቆይታ ደግሞ ሌላ ጨመረች። ወላጆቼ መጀመሪያ የተጠየቁት እኔን ኖሯል። ለሙከራ ብለው ሊያሳድሩኝ ወስደውኝ፣ በሩ ላይ አስታውኬ፣ ሲመሽ ትኩሳት ይዞኝ፣ ሳይነጋ መልሰውኛል። እኔ አላስታውሰውም። በማግስቱ ዱሶፕ ለአባቴ «እኔ ልሂድ፣ እሱ ያለቅሳል» አለው። ሴቶቹ ጥሩው ነው የሚሰጠው ያሉት ከዚያ ወዲያ ነው።

ባቄላዬ ከእጄ ተበተነ። ትልቋ እናት «ልቀም እንጂ፣ ዶሮዎቹ ሊጨርሱት ነው» አለችኝ።

*

ሰባት ዓመት ሆኖኝ ትምህርት ቤት እንደገባሁ የመጀመሪያው የስፖርት ቀን መጣ። በመከር ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ሜዳው ዳር ዳር ሰሌን የማይነጠፍበት ቦታ የለም። አያቶች ሳይቀሩ ይመጣሉ። የዚያን ቀን ፖም አይለቀምም፣ ሩዝ አይታጨድም። አያታችን ነጭ ለብሰው፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ከአስተማሪዎቹ ጋር ዳሱ ሥር ተቀመጡ። የትልቁ ቤት ምንጣፍ ዛፉ ጥላ ሥር ነው። የእኛ ከሜዳው ማዶ፣ ፀሐዩ ላይ።

እናቴ ሰማዩ ሳይገረጣ ነው ምግብ መሥራት የጀመረችው። በባሕር ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ስኳር ድንች፣ የቀዘቀዘ ለስላሳ መጠጥ። አባቴ ዕቃውን አየና «ለሠርግ ነው እንዴ?» አላት።

«ሰው ቢመጣስ» አለችው።

ማንም አልመጣም። ዱሶፕ ዛፉ ሥር፣ ተረከዙ ላይ ተቀምጦ፣ በትልቋ እናትና በአጎቴ መሐል በላ። እናቴ እኔን እያጎረሰች ማዶ ማዶ ታያለች፤ አንድ ጊዜ ጥቅሉን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋችው። «አፌ እዚህ ነው» አልኳት። አባቴ ሳቀ፣ እሷ አልሳቀችም።

ከምሳ በኋላ ሰው የመፈለጊያው ሩጫ ተጠራ። ልጆቹ ይሮጣሉ፤ መሐል ሜዳ ላይ በድንጋይ የተጫኑ የታጠፉ ወረቀቶች አሉ። አንዱን አንሥቶ የሚከፍት ልጅ የተጻፈበትን ሰው ከተመልካቹ መሐል ፈልጎ፣ እጁን ይዞ እስከ ገመዱ መሮጥ ነው። የስፖርት አስተማሪው ድምፅ ማጉያውን ይዞ ያሾፋል።

«ራሰ በራ ሰው የሚፈልግ ልጅ አለ። ርዕሰ መምህር፣ ባርኔጣዎን ቢያወልቁ ጊዜ አናባክንም ነበር። መነጽር ያደረገች ሴትዮ፣ እርስዎ ነዎት፣ ዞር ዞር አይበሉ። እርጉዝ ሴት ቀስ ብላ ትሩጥ፣ ሁለት ሰው መቁጠር አንችልም።»

ዱሶፕ ፈጣን ነበር። ከሁሉ ቀድሞ ወረቀቶቹ ጋ ደረሰ። አነሣ፣ ከፈተ፣ ቆመ።

ሌሎቹ ደረሱ፣ አነሡ፣ ተበተኑ። እሱ እንደቆመ ነው። ቀይ አቧራ በዙሪያው ይነሣል። ሰው መሳቅ ጀመረ።

«የበኩሩ ቤት ልጅ ማንበብ አቃተው እንዴ?»

«ሩጥ እንጂ አንተ ሐውልት!»

«ተዉት፣ የሚመጥነው ሰው አጥቶ ነው።»

ዱሶፕ ወደ እኛ ምንጣፍ አየ። እናቴ ግማሹ የተላጠ እንቁላል በእጇ ነበር። አንድ ጉልበቷ ከሰሌኑ ተነሣ። ከዚያ ወደ ዳሱ አየች፣ አያታችን ወደተቀመጡበት፤ ጉልበቷ ተመልሶ አረፈ። ዱሶፕ ወደ ዛፉ ዞረ። እዚያም ትልቋ እናት መዳፏን መሬት ላይ ተክላ ነበር፣ ተደግፋ ልትነሣ። ሁለቱም ወረቀቱን አላነበቡም። ግን ሁለቱም ሊነሡ ነበር።

ወንድሜ ወረቀቱን አጣጥፎ አፉ ውስጥ ከተተው። አላመጠው። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ውጦ ሲጨርስ ወደ ክፍሉ መምህርት ሮጠ፣ እጇን ያዘና ከሁሉ መጨረሻ ገመዱ ጋ ደረሰ።

እኔ የታየኝ ምንድን ነው? ሁሉ ሰው እንዲያየው ሆን ብሎ ቆመ። አየኝ፣ ምንጣፋችንን አየ፣ የእናቴን የነተበ ሻሽ አየ፣ ናቀን። ከዚያ ለማሳቅ ወረቀት በላ። በዚህ ዓይነት ሰው ሲስቅለት እኔ የትምህርት ቤቱን ባንዲራ ብበላ ማንም አያየኝም ነበር።

ወረቀቱ ላይ «እናት» ተብሎ ነበር የተጻፈው። የነገረኝ ራሱ ነው፤ ለውትድርና ሊሄድ ሲል፣ ወንዙ ዳር ቁጭ ብለን ስንጠጣ። «ሁለቱም ሊነሡ ሲሉ አየሁ» አለኝ። «ወደ አንዷ ብሄድ የሌላዋ ጉልበት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ይሆናል?» ጠርሙሱን አዟዟረው። «ደግሞ ርቦኝ ነበር፣ በላሁት።» ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

በዚያን ቀን ግን የስፖርት አስተማሪው ድምፅ ማጉያውን አንሥቶ «በውድድሩ ታሪክ ወረቀት ለበላ የመጀመሪያ ልጅ ልዩ ሽልማት» ብሎ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሳፋ ሰጠው። መጨረሻ የወጣ ልጅ ተሸለመ። እኔ በራሴ ሩጫ ሁለተኛ ወጥቼ እርሳስ ነው የደረሰኝ። አለቀስኩ። አባቴ ፀሐይ መትቶኝ መስሎት ሻሽ አርሶ ጭንቅላቴ ላይ ጣለብኝ።

ዱሶፕ ሳፋውን ታቅፎ ወደ ዛፉ ሄደ፤ በሁለት እጁ ለትልቋ እናት አቀረበ። እሷ ግን አልተቀበለችውም። ሜዳው ሁሉ እንዲሰማ፣ ዳሱ ሥር ያሉትም እንዲሰሙ፣ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«እኛ ቤት ሳፋ ሞልቷል። ለትንሿ እናትህ ስጣት።»

ይህን ስድብ መቼም አልረሳም አልኩ። እነሱ የተረፋቸውን ለእኛ ይወረውራሉ። ዱሶፕ ሜዳውን አቋርጦ መጣ። እናቴ ከሰሌኑ ላይ ተነሣች፣ ቀሚሷን አራገፈች። ሲሰጣት እጁና እጇ የሳፋው ጠርዝ ላይ ተደራረቡ፤ ብዙ ቆዩ። «ይሄ ለእኔ ነው?» አለችው። «ለእርስዎ ነው» አላት። እናቴ እንቁላሏን ጨርሳ ላጠችና አፉ ውስጥ ከተተችለት፣ እንደቆመ፣ አያቴ እያዩ። አያቴ ጉሮሯቸውን አልጠረጉም። ወደ ሌላ ወገን ነበር የሚያዩት፤ ወደ ተራራው።

ትልቁ ቤት ሳፋ አልሞላም። አንድ ነበራቸው፣ ሥሩ የተሰነጠቀ። በዚያ ክረምት የኪምቺ ጥቅል ጎመን የሚዘፈዘፍበት ጊዜ ሲደርስ ትልቋ እናት በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ሳፋሽን አውሺኝ» አለቻት እናቴን። እናቴ አዋሰቻት። አጥቦ የመለሰው ዱሶፕ ነው። ከዚያ በየዓመቱ እንዲሁ፤ በመጣ ቁጥር እናቴ ሻይ ታፈላለታለች፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ስንት ብስኩት እንደሰጠችው አያለሁ።

*

አሁን ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ እዚሁ ቀረሁ፤ ፖሙን እኔና እናቴ ነን የምንሠራው። ደመና ማየቴን አልተውኩም። አያታችን፣ አጎታችን፣ አባታችን በየተራቸው ሄዱ። ትልቋ እናት ባለፈው የጸደይ ወራት አረፈች፤ ዱሶፕ እንደ በኩር ልጅ ቀብሯት ሐዘንተኛ ልጅ የሚደገፍበትን በትር ይዞ ቆመ። ከልቡ አለቀሰ። ያንን እንኳ ቀናሁበት፤ ሁለት እናት ማልቀስ ለማን ይደርሳል ብዬ።

እሱ ሴኡል ነው የሚኖረው። ሚስት አለችው፣ ሊፍት ያለው ቤት፣ መኪና፣ ሰባት ዓመት የሞላት ዳኦን የምትባል ልጅ። የአያቶች ማዕድ አሁን በስልክ ታዝዞ በካርቶን ይመጣል። ይደረደራል፣ ይሰገዳል፣ ዳኦን ደግሞ በመሐል አንድ ብስኩት ታነሣለች። ማንም ወለል አያንኳኳም። ሲጠሯት «ዳኦን፣ ምን ተሰማሽ?» ይሏታል። መጀመሪያ ስሰማው የታመመች መሰለኝ። እኔን በዚያ ዕድሜ የጠየቀኝ ሁሉ በልተሃል ወይ ነው ያለኝ። ልጅቷ ያሻትን ትናገራለች፣ ያላሻትን አልበላም ትላለች፣ አባቷ ጭን ላይ ቆማ ፀጉሩን ትቆጥራለች። የሰባት ዓመት ልጅ ላይ መቅናት ያሳፍራል። አፍራለሁም፣ እቀናለሁም።

ዘንድሮ ለመከሩ በዓል፣ ለቹሶክ፣ ማዕዱን ጨርሰው ሲመጡ ከሰዓት ሆኖ ነበር። እናቴ የድንች ቂጣ ጋግራ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ስንበላ ዱሶፕ እንደ ልማዱ «ትንሿ እናቴ፣ እርስዎም ይቀመጡ እንጂ» አላት። ዳኦን ማኘኳን አቆመች።

«አባዬ፣ አያቴ የአንተ እናት ናት አይደል?»

«ናት።»

«ሆዷ ውስጥ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«ታዲያ ለምን ትንሿ እናት ትላታለህ? ትንሽ አይደለችም እኮ። ከእማዬ ትወፍራለች።»

«ዳኦን» አለች እናቷ። እኔና እናቴ ሳቅን።

«ትልቋ እናት ስለነበረች ነው» አላት ዱሶፕ።

«ያቺ የሞተችው?»

«አዎ።»

ቂጣዋን እያላመጠች አሰበች። «እንግዲያማ ቦታው ባዶ ነው» አለች።

ማንም አልሳቀም። እናቴ «ብሉ፣ ይቀዘቅዛል» ብላ ሳህኑን ወደ ዱሶፕ ገፋችው፤ ራሷ ግን አልበላችም። እኔ የወንድሜን አፍ ነበር የማየው። እንዳይል ፈለግሁ። ያለው ነገር ሁሉ ይሁንለት፤ ትምህርቱም፣ ሚስቱም፣ ያ ገበታም። ይህን ቤት የያዝኩት ግን እኔ ነኝ። ጉልበቷን የማሸው፣ መድኃኒቷን የማስታውሳት፣ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ እማዬ የምለው እኔ ነኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ያቺን ቃል በዚህ ግቢ ከእኔ በቀር ያወጣት የለም። ከእሱ የበለጥኩት በእሷ ብቻ ነው።

አላለም። ቂጣውን በላ። እፎይ አልኩ።

ሊሄዱ ሲሉ ሚስቱና ልጁ ግቢው ውስጥ የውኃ ተርብ ያሳድዳሉ። እናቴ ወጥ ቤት ለመንገድ የሚይዙትን ወይን እያጠበች ነው፣ ጀርባዋን ሰጥታን፣ ቧንቧው ሙሉ ተከፍቶ። እኔ ደፉ ላይ ጫማዬን አስራለሁ። ዱሶፕ ሳህኖቹን ይዞ ገባ፣ አስቀመጠ፣ አልወጣም። ትከሻው ሲነሣና ሲወርድ አየሁ፣ ከባድ ነገር ሊያነሣ እንደሚዘጋጅ ሰው።

«እማዬ» አለ።

የእኔና የእሱ ድምፅ አንድ ነው። በስልክ ሰው ይምታታበታል።

«ምነው ኢንሶፕ?» አለች እናቴ ሳትዞር። «ላስቲክ አቀብለኝ፣ ወይኑን ልቋጥርላቸው።»

ወንድሜ ዞሮ አየኝ። ጆሮው ቀልቷል። እንደማይደግመው ገባኝ። ያን ያህል ዓመት የተጠራቀመ ነገር ሁለት ጊዜ አይወጣም። ላስቲኩ ከጎኔ፣ መስኮቱ ላይ ነበር። ተነሥቼ ባቀብላት ያበቃል። እሷ አታውቅም፣ እሱ መኪናው ውስጥ ይገባል፣ ቃሏም እኔ ጋ ትቀራለች። እጄ ወደ ላስቲኩ ሄዶ ነበር።

«እኔ አይደለሁም፣ እማዬ» አልኳት።

ቧንቧው ተዘጋ። ውኃው ከወይኑ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል። እናቴ አልዞረችም። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ መጀመሪያ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን፣ ቀስ ብላ።

«ታዲያ ማነው?» አለች፤ እያወቀች።

ጫማዬን ሳላስር ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ የተባባሉትን አልሰማሁም። ዳኦን ግቢው መሐል አንድ የውኃ ተርብ በክንፏ ይዛ «ኢንሶፕ፣ ተመልከት» አለችኝ፣ በስሜ፣ እንደ እኩያዋ። ሄጄ ተመለከትኩ። ጀርባዬን ለወጥ ቤቱ ሰጥቼ፣ የተርቧን ዓይን፣ ክንፏን፣ እግሮቿን፣ እስኪጠሩን ድረስ ተመለከትኩ።